የእንፋሎት ባቡር ቅርስ፣ ወዳጆቹና ሐዲድ ያልደረሰበት ምዕራብ ሸዋ

«ባቡር» የሚለው ቃል የሐዲድ ተሽከርካሪ ስም ከመሆኑ በፊት የእንፋሎት ስም ነበር። መነሻው እንፋሎት የሚል ፍች ያለው የፈረንሳይኛው «ቫፐር» ሲሆን፣ በቱርክና በዐረብ አንደበት ተሻግሮ ወደ አማርኛ ገብቷል። በመንገዱ ላይ የመርከብም፣ የሞተርም፣ የወፍጮም መጠሪያ ሆኗል። በብዙ የገጠር አካባቢ የእህል ወፍጮ እስከ አሁን «ባቡር» ይባላል፤ በሐዲድ የሚሄደው «ምድር ባቡር» ተብሎ መለየት ያስፈለገውም ስሙን የሚጋሩት ብዙ በመሆናቸው ነው።

በዚህ አቆጣጠር ምዕራብ ሸዋ ከባቡር ጋር ያለው ትውውቅ ከሐዲዱ ታሪክ አይለይም። የዞኑን መሬት እስከ ዛሬ የረገጠ ሐዲድ የለም። ሆኖም ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ ዓለምን አዲሷ መዲና ሊያደርጓት ባሰቡበት በ1890ዎቹ ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የተቀየሰው መንገድ በኢትዮጵያ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነበር። በዚያው ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ ከባድ ማሽን ወደ አዲስ አበባ አስመጥቶ ነበር። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አላት። ሐዲድ አልነበራትም፤ በገዛ የብረት እግሯ በምድር ላይ የምትሄድ፣ ጭስ የምትተፋ ማሽን ነበረች። ስሟ ከመዲናዪቱ የመጀመሪያ መንገዶች ሥራ ጋር አብሮ ይነሣል። መዲናዋ ወደ አዲስ ዓለም ሳትዛወር የቀረችበት አንዱ ምክንያት የባሕር ዛፍ ነው፤ ዛፉ በፍጥነት አድጎ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር አቃለለና ከተማዪቱ በያዘችው ስፍራ ጸናች። ባቡሩም ወደዚያው መጣ።

በዓለም ላይ የእንፋሎት ባቡር አገልግሎት ሰጪነቱ ካበቃ በኋላ፣ እርሱን ጠግኖና አንቀሳቅሶ ማቆየትን፣ አነስተኛ ሞዴሉን በቤት ውስጥ መሥራትን የሕይወታቸው ፍቅር ያደረጉ ሰዎች በርክተዋል። ይህ ፍቅር ለኢትዮጵያ እንግዳ ይመስላል። ነገር ግን በጎረቤት አገር ተራራ ላይ፣ በድሬዳዋ የጥገና ፋብሪካና በለገሃር ግቢ ውስጥ ጉዳዩ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ቅርብ ነው።

የእንፋሎቱ አሠራር

የእንፋሎት ባቡር መሠረቱ ቀላል ነው። በምድጃው ውስጥ እንጨት ወይም ድንጋይ ከሰል ይነዳል። የእሳቱ ትኩሳት በቦይለሩ ሆድ ውስጥ በተዘረጉ ቀጫጭን ቱቦዎች ሲያልፍ ዙሪያውን ያለውን ውኃ ያፈላል። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ በተለመደው የአየር ግፊት ከ1,600 እጥፍ በላይ መስፋት ይፈልጋል፤ ቦይለሩ ዝግ ስለሆነ ግን መስፋት አይችልም፣ ግፊት ይጠራቀማል። ክዳኑ የተደፈነ ድስት ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። አምቦ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ በሎኮሞቲቭ ቦይለር ውስጥ ያለው ውኃ ግን በግፊቱ ምክንያት ከ180 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። የተጠራቀመው እንፋሎት ወደ ሲሊንደር ሲለቀቅ ፒስተኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል፤ ፒስተኑ በብረት ዘንግ ከጎማው ጋር ስለተያያዘ ባቡሩ ይሄዳል።

ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት ዝም ብሎ አይጣልም። በጭስ ማውጫው በኩል በኃይል ሲወጣ ከኋላው አየር ስቦ በእሳቱ ላይ ያሳልፋል፤ ለእሳቱ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው። ባቡሩ ዳገት ሲወጣና ሲደክም እሳቱ በዚያው መጠን ይበረታል። የሩቅ ሰው የሚሰማው ያ «ቹፍ ቹፍ» የሚለው ድምፅ የወናፉ ድምፅ ነው። የእንፋሎት ወዳጆች ማሽኑን «ይተነፍሳል» የሚሉትም ስለዚህ ነው፤ አባባሉም ያን ያህል ማጋነን አይደለም።

ጠላቱ ደግሞ ውኃው ራሱ ነው። ማዕድን የበዛበት ውኃ ሲፈላ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚታየው ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ቅርፊቱ በቦይለር ቱቦዎች ላይ ሲወፍር ትኩሳት ወደ ውኃው እንዳያልፍ ይከለክላል፤ ብረቱም ከልክ በላይ ግሎ ይጎዳል። የአምቦ ጠበል ውኃ ለጨጓራ የሚወደድበት ያው ማዕድን ለሎኮሞቲቭ ጥፋት በሆነ ነበር። ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን በሚያቋርጠው መስመር ላይም ንጹሕ ውኃ ማግኘት ከነዳጁ ያላነሰ ራስ ምታት ነበር።

ከጅቡቲ እስከ ለገሃር

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኖ የባቡር መስመር የመዘርጋት ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ ተጀመረ። መስመሩ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር፤ ተራራው አስቸጋሪና ወጪው ከባድ ስለሆነ ግን ሐዲዱ በተራራው ግርጌ በሜዳው ላይ ተዘረጋ። በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ የደረሰበት ባዶ ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። ከተማው የባቡሩ ልጅ ነው፤ የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና የዛፍ ጥላዎች የዚያ ዘመን አሻራ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቆመ። የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ ዕጦትና በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በጣሊያን ፉክክር ተወጥሮ ከሠረ። አዲስ የፈረንሳይ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራውን ቀጠለና ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሁለቱ ሐዲዶች ርቀት አንድ ሜትር ነበር። በእንፋሎት ዘመን ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለነበር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን በአዋሽ ያሳልፋል። ዛሬ ሦስት ቀን ረጅም ይመስላል፤ በግመልና በበቅሎ ያን መንገድ በሳምንታት ይቆጥር ለነበረ የቡናና የቆዳ ነጋዴ ግን ተአምር ነበር።

የአሁኑ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በኅዳር 1922 ዓ.ም. ተመረቀ። «ለገሃር» የሚለው የሰፈር ስምም «ጣቢያው» ከሚለው የፈረንሳይኛ «ላ ጋር» የመጣ ነው። በዓመቱ ከንግሥ በዓል ጋር ተያይዞ ከፊቱ የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጣሊያኖች ወስደው ሮም ላይ፣ እዚያም በባቡር ጣቢያ አቅራቢያ፣ አቁመውት ነበር፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ስፍራው ተመልሷል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ለስደት የወጡት በዚሁ መስመር ነው። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች «ሊቶሪና» የተባለችውን የፊያት ባለ ሞተር ፉርጎ አስገቡ፤ በ1940ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች የእንፋሎቱን ቦታ ወረሱ። አዛውንት የሚያስታውሱት ባቡር አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የናፍጣው ነው።

የናፍጣው ዘመንም ሰላማዊ አልነበረም። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋርጧል። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ ባቡር በኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከድልድይ ወደ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ አስከፊው ተደርጎ ይቆጠራል። ጥገናው እየቀነሰ፣ የጭነት መኪናው እየበረታ ሄደና በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ክፍል ፀጥ አለ።

ከሰበታ ጅቡቲ ያለው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። ብዙ ሰው «አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮች ለቱሪስት ለምን በአዲሱ ሐዲድ ላይ አይሄዱም?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ስፋት ነው። የአዲሱ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር፣ የአሮጌው 1,000 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌው ባቡር መሄድ የሚችለው በአሮጌው ሐዲድ ላይ ብቻ ነው፤ ያ ሐዲድ ደግሞ በአዲስ አበባና በሌሎችም ስፍራዎች ለመንገድና ለግንባታ ተነሥቷል። ባቡሩን ከሐዲዱ ነጥሎ ማቆየት ይቻላል፤ ውጤቱ ግን በቁም የቀረ ብረት ነው።

ብረት ወይስ እጅ?

ከሥራ የተሰናበተን ባቡር በበጎ ፈቃደኞች ማስተዳደር የተጀመረው በዌልስ አገር ነው። ታሊሊን የተባለው፣ ድንጋይ ያጓጉዝ የነበረ ጠባብ መስመር ሊዘጋ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ወዳጆቹ ተደራጅተው ተረከቡት። ጸሐፊ፣ መምህር፣ መካኒክ፣ ጡረተኛ በዕረፍት ቀኑ ሐዲድ ይጠግናል፣ እሳት ያነዳል፣ ትኬት ይቆርጣል። ከዚያ ወዲህ ይህ ልማድ በብዙ አገሮች ተስፋፋ። ወጪው ቀላል አይደለም፦ በእንግሊዝ አንድ የቅርስ ሎኮሞቲቭ ቦይለሩ በየ10 ዓመቱ ተፈታትቶ መመርመር አለበት፤ ሥራው በርካታ ዓመታት የሚወስድባቸውም አሉ። በኬንያ ናይሮቢ ላይ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው የባቡር ሙዚየም በማንቸስተር የተሠራውን ወደ 250 ቶን የሚመዝን «ማውንት ጌላይ» የተሰኘ ሎኮሞቲቭ ይዟል። የዚህ ግዙፍ ማሽን ሐዲድ እንደ አሮጌው የኢትዮጵያ መስመር አንድ ሜትር ስፋት ያለው ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ትልቁ ትምህርት ያለው ግን በኤርትራ ነው። ከምጽዋ አሥመራ የሚወጣው 950 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የጣሊያን ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1887 ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በ1911 አሥመራ ደረሰ፤ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በጦርነቱ ዘመን መስመሩ ቆመ፣ ሐዲዱም ተነቅሎ የምሽግ መሥሪያ ሆነ። ከነጻነት በኋላ የውጭ ባለሙያዎች ለጥገናው ያቀረቡት ዋጋ ከአቅም በላይ ሆነ። በዚህ ጊዜ በ70ዎቹና በ80ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ የቀድሞ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው መጡ። ሐዲዱ ከየምሽጉ ተለቅሞ ተመለሰ፤ ሎኮሞቲቮቹ በአሥመራ ፋብሪካ፣ መለዋወጫ በሌለበት፣ በእጅ ተቀጥቅጠውና ተበይደው ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው ሥራ በ2003 ባቡሩን አሥመራ አገባ። በ1930ዎቹ በአንሳልዶ ፋብሪካ የተሠሩት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ዳገቱን ሲወጡ ለማየትና ፎቶግራፍ ለማንሣት ከእንግሊዝና ከጀርመን ጭምር ሰዎች ከፍለው መጡ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአዛውንቱ ፍቅር ነው። ፍቅር ብቻውን ግን ቦይለር አይበይድም። ወሳኙ ነገር ባቡሩ ሥራ ባቆመበትና ጥገናው በተጀመረበት ጊዜ መካከል ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ብቻ ማለፋቸው ነው፤ የሚያውቀው ሰው በሕይወት ነበር። ሌላ ሃያ ዓመት ቢዘገይ ኖሮ ሐዲዱ ቢገኝ እንኳ ሎኮሞቲቩን የሚያነሣው እጅ አይገኝም ነበር። ገበሬ ይህን በዘር ጉዳይ ያውቀዋል፤ የአገር ዘር በጎተራ ቢቀመጥም በየጊዜው ካልተዘራ መብቀሉን ያቆማል።

በኢትዮጵያ በኩል የእንፋሎቱ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። እንፋሎት ከመስመሩ ከወጣ ወደ 70 ዓመት ስለሚጠጋ እሳት ያነደዱት ሠራተኞች ዕድሜ አልፏል። የናፍጣው ግን ገና ነው። በድሬዳዋ የጥገና ፋብሪካ የሠሩ፣ የፈረንሳይኛ የሙያ ቃላትን ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛና ከሶማሊኛ ጋር ቀላቅለው ይናገሩ የነበሩ መካኒኮች፣ በያሉበት ጡረታ ላይ ናቸው። ፋብሪካው ከነአሮጌ ማሽኖቹ፣ ከነሊቶሪናው ጎብኚ ይስባል፤ በለገሃርም የንጉሠ ነገሥቱ የጉዞ ፉርጎዎች ታይተዋል። ፈረንሳዊው ሁግ ፎንቴን መስመሩን በፎቶግራፍና በጽሑፍ መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ2012 በመጽሐፍ አሳትሟል። መጽሐፍ ታሪኩን ይይዛል፤ ቫልቭ እንዴት እንደሚስተካከል የሚይዘው ግን ያስተካከለው ሰው ነው። በአሁኑ ጊዜ ከሁሉ የሚቀለውና ርካሹ ሥራ እነዚህን ሰዎች ማሽኑ አጠገብ አቁሞ፣ ሥራቸውን እያሳዩ እንዲናገሩ አድርጎ በቪዲዮ መቅዳት ነው። ከሎኮሞቲቩ ጥገና በፊት መምጣት ያለበትም ይኸው ነው።

ከመስመሩ የተረፉ ደወሎች፣ ፋኖሶች፣ የጣቢያ ሰዓቶች፣ ትኬቶችና ፎቶግራፎች በየቤቱና በየዕቃ መደብሩ ይገኛሉ። ታሪካዊ ዋጋ ያለው ዕቃ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይመለከተዋል። እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው ሰው ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ከመስጠቱ በፊት ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቢያሳይ ይበጃል፤ ወደ ውጭ አገር ማውጣት ደግሞ ያለ ፈቃድ አይቻልም።

ሞዴል ባቡር፦ ከመርክሊን እስከ ቆርኪ

ሞዴል ባቡር የእውነተኛው ባቡር በልክ የተቀነሰ ቅጂ ነው። ጀርመናዊው መርክሊን እ.ኤ.አ. በ1891 ሐዲዱን በመደበኛ ልኬት ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ የአንዱ ቤት ባቡር በሌላው ቤት ሐዲድ ላይ መሄድ ቻለ። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ልክ 1 ለ87 ነው። በዚህ ልክ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ሎኮሞቲቭ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የአሮጌው የጅቡቲ ሐዲድ አንድ ሜትር ስፋት ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። 784 ኪሎ ሜትሩ በሙሉ ቢሠራ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣዋል፤ ከአምቦ ተነሥቶ ጉደር ለመድረስ ጥቂት ይቀረዋል።

ማንም ግን መስመሩን በሙሉ አይሠራም። የሞዴል ጥበብ መምረጥ ነው፦ አንድ ጣቢያ፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ ኩርባ። የለገሃር ፊት ለፊት ወይም የአዋሽ ድልድይ ለአንድ ጠረጴዛ ይበቃል። የፋብሪካ ሞዴል በውጭ ምንዛሪ የሚገዛና ውድ ነው። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ልጆች ከሽቦ፣ ከሳርዲን ጣሳና ከአገዳ መኪና ሲሠሩ፣ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ቆርኪ ጎማ አድርገው ሲገጥሙ ኖረዋል። ከዚያ እስከ ሞዴል ባቡር ያለው ርቀት ማስመሪያና ትዕግሥት ነው። ካርቶን ለግድግዳ፣ ቀጭን ቆርቆሮ ለጣሪያ፣ ሽቦ ለሐዲድ ይሆናል። ማንቀሳቀስ ለሚፈልግ በ1 ለ87 ልክ የሚሠሩት አብዛኞቹ ሞተሮች 12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይበቃቸዋል፤ ይህ የመኪና ባትሪ ኃይል ነው። የመኪና ባትሪ ሁለቱ ሽቦዎች ቢነካኩ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ፊውዝ ሳይገጠምለት መጠቀም አይገባም።

ለትምህርት ቤት ክበብ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ልክን መቀነስ የሒሳብ ትምህርት፣ ዳገትና ሰበቃ ፊዚክስ፣ የጣቢያው ታሪክ ደግሞ የአገር ታሪክ ነው። ብረት በብረት ላይ ሲሄድ ሰበቃው አነስተኛ ስለሆነ ባቡር በትንሽ ኃይል ብዙ ይጎትታል፤ በዚያው ምክንያት ቀጥ ያለ ዳገት ይከብደዋል። ተማሪው ሐዲዱን በእጁ አንድ ጊዜ ከፍ አድርጎ ሲሞክረው፣ መሐንዲሶቹ የሐረርን ተራራ ለምን እንደሸሹት ይገባዋል።

የኢጃጂ ዕቅድ

ምዕራብ ሸዋ በሐዲድ ካርታ ላይ የለም ማለት አይቻልም። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም.፣ በተነደፈው ብሔራዊ የባቡር መረብ ውስጥ ከአዲስ አበባ በኢጃጂ በኩል ወደ ጅማ፣ ጉራፈርዳና ዲማ የሚወርድ መስመር ተቀምጧል። ከኢጃጂ የሚገነጠለው ሌላው በነቀምቴና በአሶሳ አልፎ ወደ ኩርሙክ ያመራል። በጌዶና በባኮ መካከል የምትገኘው ኢጃጂ በወረቀቱ ላይ የሁለት መስመሮች መገናኛ ናት። ከሰበታ ወደ ምሥራቅ ያለው ተሠርቷል፤ ወደ ምዕራብ ያለው በዕቅድነት ቀርቷል።

የጀልዱ ድንች፣ የጊንጪ ጤፍና የባኮ በቆሎ እስከ ዛሬ ወደ አዲስ አበባ የሚገቡት በአስፋልቱ ላይ በአይሱዙ ተጭነው ነው። ያ አስፋልት በአዲስ ዓለም በኩል ያልፋል።